በኩባያ ላይ የተጻፈ ስም

በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ክፍሉ በኩል፣ አንድ ወጣት ባልደረባ አለኝ። ደመወዙ እንደ ብዙዎቻችን ነው፤ ወሩ ሳያልቅ እርሱ ያልቃል። ነገር ግን የዚህን ወጣት የኪራይ ቤት የጎበኘ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው አልጋውን ወይም መጻሕፍቱን አይደለም። ዐይኑ የሚያርፈው በግድግዳው መደርደሪያ ላይ፣ ንጉሥ ሊቀበሉ እንደ ቆሙ መኳንንት፣ ቀጥ ብለው በተሰለፉት አሥራ አንድ ትልልቅ የቡና ኩባያዎች ላይ ነው። በየአንዳንዱ ላይ የከተማ ስም ተጽፎበታል፤ ቶኪዮ፣ ሴኡል፣ ለንደን፣ ሲያትል፣ ዋሽንግተን፣ ዱባይ እያለ ይቀጥላል። ባለቤታቸው ከእነዚህ ከተሞች አንዱንም አላየም። እርሱ የደረሰበት ሩቅ አገር ድሬዳዋ ነው፤ ያውም ለሦስት ቀን ስብሰባ።

አንባቢ ሆይ፣ ለመሳቅ አትቸኩል። በልጅነታችን የፖስታ ቴምብር፣ የክብሪት ካርቶን ወይም የከረሜላ ወረቀት ያልሰበሰብን ጥቂቶች ነን። ሰው ያልደረሰበትን ቦታ ምልክቱን በእጁ ሲይዝ የደረሰ ይመስለዋል። ቴምብር ሰብሳቢ የነበረው ተማሪ ማዳጋስካር ከወዴት እንደምትገኝ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ያውቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስላነሰ ቴምብሩም አነሰ፤ በምትኩ ኩባያው መጣ። ስለዚህ በዛሬው ጨዋታችን ይህ የኩባያ ፍቅር ከየት እንደ ተነሣ፣ አብሮት ስለሚነገረው የወቅት ቡና፣ በመጨረሻም በባልደረባዬ ቤት ስለ ሆነው ነገር እናወጋለን።

ስታርባክስ የተባለው የቡና ድርጅት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ፓይክ ፕሌስ በሚባለው ገበያ አጠገብ ነው። መሥራቾቹ ጄሪ ባልድዊን፣ ዜቭ ሲግልና ጎርደን ባውከር የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ስሙን ያገኙት ሄርማን ሜልቪል እ.ኤ.አ. በ1851 ካሳተመው “ሞቢ ዲክ” ከተባለው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ስታርባክ በዚያ መጽሐፍ የመርከቡ ምክትል አዛዥ ነው። ሱቁ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ዛሬው ቁጭ ብለው የሚጠጡበት ቤት አልነበረም፤ የተቆላ ቡና፣ ሻይ፣ ቅመማ ቅመምና የቡና ማፍያ ዕቃ የሚሸጥበት መደብር ነበር። እንግዲህ ዕቃ መሸጥ ለዚህ ድርጅት ኋላ የመጣ አመል ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ ጠባዩ ነው ማለት ይቻላል።

ሃዋርድ ሹልትስ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1982 በሠራተኛነት ገባ። በማግሥቱ ዓመት ወደ ሚላኖ ሄዶ የጣልያኖችን ቡና ቤት አየና ልቡ ተማረከ። ሰው በጠዋት ገብቶ፣ ቆሞ፣ ኤስፕሬሶውን ጨልጦ፣ ከቡና ቀጂው ጋራ ሁለት ቃል ተነጋግሮ ይወጣል። ሹልትስ ይህን ወደ አገሩ ለመውሰድ አሰበ፤ ለጊዜው ከድርጅቱ ወጥቶ የራሱን ቡና ቤት ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ተመልሶ ስታርባክስን ገዛው። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ድርጅቱ ዓለምን ያዳረሰው።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይመስለኝም። ሹልትስ ሚላኖ ከመድረሱ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ በፒያሳ የተከፈተው ቶሞካ ከረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመን ቡና መጠጣትን አስተምሮናል። ማኪያቶ የሚለውን ቃልም የሊስትሮ ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ሲያትል ስለ ነገረችን አይደለም።

ወደ ኩባያው እንመለስ። የከተማ ስም ያለባቸው ኩባያዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 “ዩ አር ሂር”፣ ማለትም “እዚህ ነህ” የሚል ተከታታይ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ “ቢን ዜር”፣ ማለትም “ነበርሁበት” የሚል ተተካ። ዘዴው ቀላል ነው። የቶኪዮው ኩባያ የሚሸጠው በጃፓን፣ የሴኡሉ በኮሪያ ነው፤ የፈለገ ሰው ወይ መሄድ አለበት፣ ወይ የሚሄድ ወዳጅ ማግኘት አለበት። አንዱ ተከታታይ በሌላ በተተካ ቁጥር የቀድሞው አይገኝም ይባላል፤ አይገኝም የተባለ ነገር ደግሞ ወዲያው ይወደዳል። ስታርባክስ በኢትዮጵያ ሱቅ ስለሌለው ወደ እኛ የሚመጣው ኩባያ ሁሉ በሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲና በሹራብ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ለባልደረባዬ ክብሩም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ኩባያ አንድ ሰው አስቦት ያመጣለት መሆኑ።

ከነጋዴው በኩል ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የጠጣኸው ቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ ትዝታ ነው። ኩባያው ግን ከቤትህ ይቀመጣል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ስለ ድርጅቱ ይናገራል። ማስታወቂያ የሚያሠራ ነጋዴ ለሰሌዳው ኪራይ ይከፍላል፤ እዚህ ላይ ግን ኪራዩን የከፈለው ሰሌዳውን በቤቱ የሰቀለው ሰው ራሱ ነው። የድርጅቱ ምልክት ባለ ሁለት ጅራቷ የባሕር ሴት ከመታወቋ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙን ከምልክቱ ላይ አንሥተው ሥዕሏን ብቻ አስቀሩ። ስም ሳይጻፍ መታወቅ በንግድ ዓለም ትልቅ ማዕርግ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ወቅት ቡና ጥቂት እንበል። በአሜሪካ ቅጠል ቢጫ በሚሆንበት በመጸው ወራት “ፓምኪን ስፓይስ ላቴ” የሚባል መጠጥ ይሸጣል። በአማርኛ የዱባ ቅመም ቡና ብንለው ብዙ አንስትም። መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2003 በቫንኩቨርና በዋሽንግተን ከተማ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ በሙሉ ተሸጠ። እኛ ዱባን የምናውቀው በጾም ወጥ ነውና፣ ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ “ቅልና ዱባ አበቃቀሉ ለየቅል” ስል ተረትሁበት። እርሱ ግን፣ “ጋሼ፣ ዱባው እኮ መጀመሪያ አልነበረበትም!” አለኝ። እውነቱን ነው። በመጠጡ ውስጥ የነበረው ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና ቅርንፉድ፣ ማለትም አሜሪካኖች ለዱባ ኬክ የሚጨምሩት ቅመም ነበር፤ እውነተኛው ዱባ የገባበት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ያን ያህል ዓመት ሕዝቡ ሲጠጣ የኖረው የዱባን ስም ነበር ማለት ነው። ስኳሩን በሚመለከት ግን ስም ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር በመካከለኛው ልክ፣ ከነክሬሙ፣ ወደ 50 ግራም ግድም ስኳር ይገኝበታል። ይህም ወደ 12 የሻይ ማንኪያ ይደርሳል።

ለገና ወራት ደግሞ የወረቀት ኩባያው መልኩን ይለውጣል። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ከሁለት ዓመት በኋላ ቀዩ ቀለም መጣ። በጃፓን ደግሞ በየጸደዩ፣ የቼሪ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ አበባው የተሣለባቸው ኩባያዎችና ሮዝ ቀለም ያላቸው መጠጦች ይወጣሉ። ሰብሳቢዎቹም አበባውን ለማየት ከሚወጣው ሕዝብ ጋራ ወረፋ ይይዛሉ።

ይህ ሁሉ የሰዎች ጅልነት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አይመስለኝም። አደይ አበባ ዓመቱን ሙሉ ቢያብብ ኖሮ መስከረምን በእርሱ ማን ያስታውሰው ነበር? የሚወደደው መጥቶ ስለሚሄድ ነው። የወቅት ቡናም የሚሸጠው መጠጡን ብቻ ሳይሆን “ጊዜው ደረሰ” የሚለውን ስሜት ጭምር ነው። እኛም ብንሆን ሳንሰይመው የወቅት መጠጥ አለን። ጾም ሲገባ በየቡና ቤቱ ማኪያቶው ይቀንሳል፤ ሻይና ቡናው አንድ ላይ የሚቀዳበት ስፕሪስና የኦቾሎኒ ሻይ ይበዛል። ፋሲካ ሲደርስ ወተቱ ተመልሶ ሲንፏቀቅ፣ ያ የመጀመሪያው ማኪያቶ ምን ያህል እንደሚጥም የጾመ ሰው ያውቀዋል። ክረምት ገብቶ ሲጨፈግግ ደግሞ ጤና አዳም የገባበት ቡና የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ የእኛን ወቅት የሚወስነው የነጋዴ ማስታወቂያ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያውና ዝናቡ መሆኑ ነው።

ይሁንና ይህ የመሰብሰብ ፍቅር ልክ ሲያጣ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሁለት ነገሮችን ልንገራችሁ። አንደኛው በሴኡል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2020 ስታርባክስ በኮሪያ የተወሰነ ቁጥር ያለው መጠጥ ለገዛ ሰው ቦርሳ በስጦታ ይሰጥ ነበር። አንድ ደንበኛ 300 ቡና በአንድ ጊዜ አዘዘ፤ 17 ቦርሳዎቹን ተቀበለ፤ ከ300ው ቡና አንዱን ብቻ ይዞ ሄደ። የቀረውን የፈለገ ይጠጣው ተብሎ ተተወ። በይርጋጨፌ ወይም በጅማ ተራራ ላይ ቀይ ፍሬ እየመረጠ ሲለቅም የዋለ ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እናንተው ገምቱት።

ሁለተኛው በአሜሪካ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ በኅዳር ወር ገደማ ደጋግሞ የሚሠራበት ቀይ ኩባያ በነጻ የሚሰጥበት ቀን አለው። ለሰብሳቢው በዓል ነው፤ ከባንኮኒው ወዲያ ማዶ ለቆመው ሠራተኛ ግን ከዓመቱ ሁሉ እጅግ አድካሚ ከሆኑት ቀኖች አንዱ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 2022 ከመቶ በሚበልጡ ሱቆች የሚሠሩ የማኅበር አባላት ያንኑ ቀን መርጠው ሥራ አቆሙ። በቀይ ኩባያው ውስጥ የሰው ድካም እንዳለበት ለማሳየት ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም።

እነሆ ወደ ባልደረባዬ ቤት ደረስን።

ታላቅ እኅቱ በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ባለፈው ገና ለዕረፍት መጣች፤ እርሱም “ጋሼ፣ ቡና ይጠጡልን” ብሎ ጠራኝ። ሄድሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ፈንዲሻው ቀርቧል፤ እኅቲቱ ከረከቦቱ ኋላ ተቀምጣ ትቆላለች። ጭሱን ወደ እኔ እያራገበች ሳለ ዐይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደና በአንዱ ኩባያ ላይ ቀረ። ዱባይ የሚለው ነው።

“ይህ እኔ የላክሁልህ አይደለም እንዴ?” አለችው።

“ነው እንጂ፣ እታለም።”

ተነሥታ አወረደችው። ገለበጠችው። የዋጋው ወረቀት ከሥሩ እንደ ተለጠፈ ነው። “አልጠጣህበትምሳ?”

“ከጠጣሁበትማ ዋጋው ይወርዳል” አላት እየሣቀ። “ወረቀቱ ያልተላጠ፣ ውሃ ያልነካው ሲሆን ነው ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት።”

እኅቲቱ አልሣቀችም፤ አልተቆጣችምም። ኩባያውን በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠራረገችውና እንዲህ አለች። “የሁለት ቀን ደመወዜ ነው። በወር አንዲት ቀን ነበር የሚያስወጡኝ፤ በዚያች ቀን ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄጄ ገዛሁት። ሱቁ ውስጥ ቡና እንኳ አልጠጣሁም። ጠዋት ጠዋት ስትጠጣበት ታስታውሰኛለህ ብዬ ነበር።”

ቤቱ ዝም አለ። ቡናው በምጣዱ ላይ ይንጣጣል። ልጁ ያንን ጊዜ የሚናገረው ጠፋው። ቆይቶ ብድግ አለና ኩባያውን ከእጇ ተቀበለ፤ ወረቀቱን በጥፍሩ ላጠ፤ ወደ ጓዳ ገብቶ አጥቦ አመጣው። አቦሉ ሲቀዳ ስኒውን ትቶ ኩባያውን አቀረበ። የስታርባክስ ኩባያ የእኛን ስኒ አምስት ስድስት ያህል ይይዛልና፣ እኅቲቱ ብትቀዳ ብትቀዳ ከግማሹ አልደረሰም። “ኧረ ጀበናው አለቀ! እንግዳው ምን ሊጠጣ ነው?” ብላ ያኔ ሣቀች። እኛም ሣቅን። እኔ በበኩሌ የደረሰኝ ቶናው ነው፤ ግን አልቀየምሁም።

ቡናው ካለቀ በኋላ ሌላ ነገር ሰማሁ። ለካ የአቡ ዳቢውንም እንድትልክለት በደብዳቤ ጠይቋት ኖሯል። “ያንን ተይው፣ እታለም” አላት። “በእርሱ ምትክ ቡናሽን ጠጪበት።”

ይህ ወጣት የተወለደው በይርጋጨፌ አካባቢ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ሳስብ የነበረው ስለዚሁ ነበር። የሰው አገር ከተሞችን ስም በመደርደሪያ ላይ ሲያሰልፍ የኖረው ልጅ፣ የራሱ የትውልድ ቦታ ስም በሲያትል መደርደሪያ ላይ በቡና ከረጢት ታትሞ ሲሸጥ እንደ ኖረ ልብ አላለውም። ያ ስም ደግሞ እንዲሁ በዋዛ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት በስሙ እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስም ጋራ ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦክስፋም የተባለው የዕርዳታ ድርጅት ነገሩን ለዓለም ሕዝብ አሰማ፤ ብዙ ሰዎችም ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ የፈቃድ ስምምነት ተፈራረሙ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ቡናን ውድ የሚያደርገው ፍሬው ብቻ ሳይሆን ስሙም ነው፤ ስሙ የማን ነው? በጣዕሙ የታወቀ ቦታ ስም በከረጢት ላይ ሲታተም ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ የስሙ ጌታ ግን ከዚያ ከፍታ ድርሻ ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” የሚለውን አባባል አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሰው ነው፤ ስለ ቡናም ይሠራል። ኩባያ ሰብሳቢው ለአንዲት የከተማ ስም ያን ያህል ከከፈለ፣ እኛም በስማችን ዋጋ ላይ መከራከራችን ትክክል ነበር።

አንዳንድ አንባቢ “ታዲያ መሰብሰብ ይቅር ነው የምትለን?” ይል ይሆናል። አልልም። ከደመወዙ ላይ ቆጥቦ አንድ ያማረ ነገር የሚገዛ ወጣት፣ ገንዘቡን ከዚህ በከፋ ቦታ ከሚያጠፋው ይሻላል። የምለው ግን እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ኩባያ ካለህ ጠጣበት። ዕቃ በአገልግሎቱ ይከብራል እንጂ በአቧራው አይከብርም። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣን ሰው፣ ይልቁንም በሰው ቤት ላቧን አንጠፍጥፋ የምትሠራን እኅት፣ ዕቃ አምጪልኝ ከማለትህ በፊት ዋጋው ለእርሷ ስንት የሥራ ቀን እንደሆነ ጠይቅ። ሦስተኛ፣ ለኩባያ ብለህ አትበደር፤ ወር ሳይሞላ የተበደርኸው ገንዘብ ኩባያውን ባየኸው ቁጥር ያፈጥብሃል። አራተኛ፣ የወቅት መጠጥ ከአንድ ጓደኛ ጋራ ተካፍለህ ቅመሰው፤ ደስታው ያው ነው፤ ስኳሩና ሒሳቡ ግን ግማሽ ይሆናል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለተማሪዎች ነው፤ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ስብስብ አለ። አንድ ደብተር ያዙ። የይርጋጨፌን፣ የሐረርን፣ የሊሙን፣ የጅማን፣ የነቀምቴን ቡና በጠጣችሁ ቁጥር የት፣ ከማን ጋራ፣ ምን እንደሚል ጻፉበት። አንዱ የአበባ ሽታ አለው፤ ሌላው የፍራፍሬ ይመስላል፤ ሌላው ከበድ ይላል። ቡናም እንደ ማንኛውም ፍሬ እውነተኛ ወቅት አለው። እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል እንጂ፣ በአብዛኛው ቀዩ ፍሬ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ያንን ወቅት ማንም ድርጅት አልፈለሰፈውም። አንድ ዓመት የጻፋችሁበት ደብተር ከአሥራ አንድ ኩባያ የበለጠ አገር ያሳያችኋል፤ ያውም አገራችሁን።

ስለ ባልደረባዬ ለምትጠይቁኝ፤ ከዚያች ቀን በኋላ በመደርደሪያው ላይ የቀሩት አሥር ናቸው። አሥራ አንደኛው በመሥሪያ ቤቱ፣ በመዝገቦቹ መካከል፣ ከጠረጴዛው ላይ ይገኛል። ጠዋት ቡና፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይጠጣበታል። ባለፈው ወር አንድ ፋይል ወድቆበት ጠርዙ ተሸረፈ። በሰብሳቢዎች ዘንድ አሁን ዋጋው ምንም ነው። እርሱ ግን ወስደህ በአዲስ ለውጥ ቢሉት እሺ የሚል አይመስለኝም።

የሳምንት ሰው ይበለን።